በነፃ የተቆጠረው ኃይል

ስለ መብራት ስናወራ ዋቱን እንጂ ቮልቴጁን ደግፎ የሚያቆመውን ሪአክቲቭ ኃይል አናነሳም። ፈረንሳዊው ካርፐንቲዬ በ1962 እ.ኤ.አ. የማመንጫውን ወጪና የመስመሩን ገደብ በአንድ ቀመር ሲያስር፣ እንዲቀነስ የተፈለገው የነዳጅ ወጪ ነበር። ሪአክቲቩ ነዳጅ እምብዛም ስለማይበላ በነፃ ተቆጠረ።

ታዲያ በነፃ የሚገኝ ነገር የታለ? አቅሙ 100 ሜጋቮልት አምፔር የሆነ ጄኔሬተር 80ውን ለሪአክቲቭ ካዋለ፣ ለሽያጭ የሚተርፈው 60 ሜጋዋት ነው፤ ሁለቱ የሚደመሩት በካሬያቸው ነውና። ሳይሸጥ የቀረው 40 እንግዲህ ወጪ ነው።

ጁላይ 23 ቀን 1987 ቶኪዮ በሙቀት ስትነድ፣ የማቀዝቀዣው ጭነት ሲንር ቮልቴጁ ወደቀ፤ 2.8 ሚሊዮን ደንበኞች መብራት አጡ። በ1991 ቦውማንና ሲዲቂ ለሪአክቲቭም እንደየጊዜው ዋጋ የሚያወጣ ስሌት አቀረቡ።

እኛም ቀመር ዜሮ ብሎ የጻፈውን ሁሉ ዜሮ ነው ብለን አንለፈው።