ስግሰጋ ወይስ ለብቻ? ከ1977ቱ ሠፈራ ለቡድኖቻችን

ባለፉት ወራት በየቡድኑ ስብሰባ ደጋግሞ የተነሣ ጥያቄ አለ። ከሌላ አካባቢ ወደ ባኮ የመጡ እህቶች ለብቻቸው የራስ አገዝ ቡድን ያቋቁሙ ወይስ በነባሮቹ ቡድኖች ይግቡ? ጥያቄውን ያነሱት አዲስ መጪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንዳንዷ በባሏ የሥራ ዝውውር፣ አንዳንዷ በትዳር፣ አንዳንዷም በግጭት ምክንያት ቀዬዋን ለቃ የመጣች ናት። ስጋታቸው የሚያስቅ አይደለም። ቋንቋው አይገባንም፣ ምግቡና የለቅሶው ሥርዓት ሌላ ነው፣ ብድር ብንጠይቅ ማን ዋስ ይሆነናል ይላሉ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እንደሚያስፈራ ግን ተረቱ አልነገረንም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ሆኖም ይህ ጥያቄ እዚሁ እኛ ባለንበት መንገድ ላይ ከእኛ በፊት ተጠይቆ መልስም ተሰጥቶበት ያውቃል። መልሱን የሰጠው መንግሥት ነበር፤ ሴቶቹን ግን አልጠየቀም። ውሳኔ ላይ ከመድረሳችን በፊት የዚያን ዘመን ሒሳብ አንድ ጊዜ ብናየው ይጠቅመናል ብዬ ነው የጻፍኩት።

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን ክፉኛ መታ። ደርግ መፍትሔ ነው ብሎ የያዘው ሠፈራን ነበር። ህዳር 1977 ተጀምሮ በ1978 አጋማሽ እስኪቋረጥ ድረስ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጎጃምና ሌሎችም ቦታዎች ተጓጓዘ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነበር፤ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው ደግሞ ወለጋ ናት። ከፊሉ በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን፣ የቀረው በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጫነ። ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ የሚወስደው ዋናው መንገድ ይኸው የእኛው ነው፦ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ኢጃጂ፣ ባኮ፣ ከዚያ ነቀምት።

ከረሀብ ለማምለጥ ወድዶ የተሳፈረ ነበር። ለእርዳታ እህል ተሰልፎ ሳለ ወይም ከገበያ ታፍሶ የተጫነም ነበር። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያይተው ወደተለያየ ክፍለ ሀገር የሄዱ አሉ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ቡድን ይህን በአደባባይ በመናገሩ በ1978 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

የወሎ ሰው ወደ ምዕራብ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከአብዮቱ በፊትም ቡና ለቀማ ወደ ጅማና ወደ ወለጋ የሚወርድ ብዙ ነበር፤ ወድዶት የቀረም አለ። እነዚያ የመጡት ወሬ ሰምተው፣ ቀድሞ የገባ ዘመድ ፈልገው፣ ባላገሩን መሬት ለምነው ነው። ካልተስማማቸው የሚመለሱበትን መንገድ ያውቁታል። የ77ቱ ሠፋሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሄድበትን ቦታ ስም እንኳ አያውቅም ነበር። የባህል ልዩነት የሚባለው ነገር ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ሸክሙ ግን እኩል አልነበረም።

ሠፈራው ሁለት መልክ ነበረው፤ ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንደኛው «መደበኛ» ይባላል። ሰው ባልሠፈረበት ወይም ጥቂት ሰው ባለበት ቆላ ላይ ትልልቅ መንደሮች ይቆረቆራሉ፤ ሠፋሪው ለብቻው ይኖራል፤ ትራክተር ይገባል፤ እርሻው የጋራ ነው። ሁለተኛው «ስግሰጋ» ነው። ጥቂት ጥቂት ቤተሰብ በነባር የገበሬ ማኅበራት መካከል ይሰገሰጋል፤ ነባሩ ገበሬ ጎጆ ይሠራለታል፣ መሬት ያካፍለዋል፣ በሬ ያውሰዋል።

ስለ መደበኛው ብዙ የምናውቀው ከአሉላ ፓንክረስት ጥናት ነው። በምዕራብ ወለጋ ቄቶ በተባለ የሠፈራ ቦታ ሠፋሪዎቹን ቀርቦ አጥንቶ በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ አሳተመ። (አሉላ የሲልቪያ ፓንክረስት የልጅ ልጅ ነው። ሲልቪያ በአገሯ በእንግሊዝ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች፣ በኋላም ለኢትዮጵያ የተሟገተች፣ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረች ሴት ናት። የእኛ መጽሔት አንባቢ ይህን ሳታውቅ ብታልፍ ቅር ስለሚለኝ ነው።)

በመደበኛው ሠፈራ እህል የሚከፋፈለው በነጥብ ነበር። በጋራ እርሻው ላይ የዋለ ሰው ነጥብ ይያዝለታል፤ ምርት ሲገባ በነጥቡ ልክ ይሰፈርለታል። በሥራዬ ምክንያት ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እንዲህ ባለው ነገር ላይ ነው፦ መዝገቡ ምን ዓምድ አለው፣ ምንስ የለውም? ለአረም፣ ለቁፋሮ፣ ለአጨዳ ነጥብ አለ። ውሃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም፣ ለመፍጨት፣ ለመጋገር፣ በወባ የተኛ ልጅ ለማስታመም ዓምድ የለም። ስለዚህ ሕፃን ያላት ሴት ቀኑን ሙሉ ሠርታ ማታ መዝገቡ ላይ እንዳልሠራች ትቆጠራለች። አዲስ አገር የሚለመደው ደግሞ በአብዛኛው በዚያ ባልተመዘገበው ሥራ ነው።

ለምሳሌ ምግቡን እንውሰድ። በጤፍ፣ በገብስና በማሽላ ያደገች የወሎ ሴት በቆሎ ተሰፍሮላት «አብስይ» ስትባል ምን ታድርግ? በቆሎ ለእንጀራ ሲሆን አቡኩ ሌላ ነው፤ እንደ ጤፍ አይለጠጥም፣ ሲያድር ይደርቃል። እኛ ባኮዎች በበቆሎ አገር ስለምንኖር ይህ ተራ ነገር ይመስለናል። በ1980ዎቹ አገሪቱን ያዳረሱት ድቅል የበቆሎ ዘሮች ቢኤች-140 እና ቢኤች-660 የወጡት ከከተማችን የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ «ቢ» ማለት ባኮ ማለት ነው። ከደጋ የመጣችው ሴት ግን ገንፎውንም፣ ንፍሮውንም፣ ከሌላ ዱቄት ጋር መደባለቁንም ከሰው ማየት ነበረባት። አንጮቴም እንዲሁ ነው። በወለጋና በእኛም አካባቢ በጓሮ የሚተከል፣ ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚሰጥ ሥር ነው፤ እንዴት እንደሚቀቀልና እንደሚላጥ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። ይህን ዕውቀት የሚያስተምር የእርሻ ባለሙያ አልተመደበም፤ ትራክተር ነው የተመደበው። ከባላገሩ ርቆ ለብቻው በተቆረቆረ መንደር ውስጥ ያለች ሴት አንጮቴ የምታሳያት ጎረቤት ከየት ታገኛለች? የገበያ ቀን መጠበቅ አለባት።

ገበያው ብዙ ነገር ሠርቷል ማለት እችላለሁ። ሠፋሪዋና ባላገሯ ቃል ሳይግባቡ በርበሬ በቅቤ ይለዋወጣሉ፤ ቁጥር ይማራሉ፤ ቀጥሎ ሰላምታ ይማራሉ። ሰላምታው ደግሞ እንደሚፈራው ሩቅ አይደለም። «እንዴት አደርሽ» እና «አከም ቡልቴ» ሁለቱም ስለ ሌሊቱ ነው የሚጠይቁት። ለታላቅ ሰው ሲሆን ሁለቱም ቋንቋዎች ወደ ብዙ ቁጥር ያልፋሉ፦ «አከም ቡልታን»። (ግራ የሚያጋባም አለ። አንዷ ስለ ጤናዋ ተጠይቃ «ጋሪ» ብላ ስትመልስ ሌላይቱ ፈረስ የሚጎትተውን ጋሪ በዓይኗ ትፈልጋለች፤ በኦሮምኛ ደህና፣ መልካም ማለት ነው።)

ዝምድናም የሚገናኝበት አለው። ጡት መጣባት በሰሜኑ የታወቀ ነው፤ የማይዛመድ ሰው የጡት ልጅ ይሆናል፣ ቃሉም ይጠበቃል። በምዕራብ ኦሮሞ ዘንድ «ሐርማ ሆዻ» የሚባለው ቃል በቃል ያው ነው፣ ጡት መጥባት። ክርስቲያን ከሆኑ አበልጅነት አለ። ጉዲፈቻንማ አማርኛው ከነስሙ ወስዶታል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ልጅ ወስዶ እንደ ልጅ ማሳደግን ሲደነግግ የተጠቀመበት ቃል ይኸው የኦሮምኛው ቃል ነው። እንግዳን ዘመድ የማድረጊያ ሥርዓት ሁለቱም ወገኖች ነበራቸው ማለት ነው፤ ሥርዓቱ እንዲሠራ ግን ሰዎቹ መገናኘት አለባቸው።

እንግዲያው ስግሰጋ ይሻላል ማለት ነው? በከፊል አዎ። ተሰግስጎ የገባው ሠፋሪ ቋንቋውን ቶሎ ለመደ፤ በሬ የሚያውሰው፣ በደቦ የሚጠራው ጎረቤት ነበረው። ወሎ «ጅጌ» የሚለውን እዚህ «ደቦ» ሲሉት ሰማ፤ ሥራው አንድ ነው። ትራክተሩ ሲሰበር ወይም ገንዲ በሬውን ሲጨርስበት የመደበኛው ሠፋሪ የመንግሥትን እጅ ሲያይ፣ እሱ የጎረቤቱን በር ማንኳኳት ይችል ነበር።

ነገር ግን ስግሰጋው ሁለት ጉድለት ነበረው፤ ሁለቱም እኛን ይመለከታሉ። አንደኛ፣ ነባሩ ሰው አልተጠየቀም። ጎጆ ሥራ፣ እህል አዋጣ፣ መሬት ልቀቅ የተባለው በትእዛዝ ነው። ሠርታ ያበላችው፣ ከጎተራዋ የሰፈረችው የባላገሩ ሚስት ስሟ የትም አልተጻፈም። እሷ ቅር ብትሰኝ ይፈረድባታል? በመጤዋ ባህል ላይ የወጣ የሚመስለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቁ ከተከፈለ ወጪ የመጣ ነው፤ ይህን በኋላ ለሚነሣ ሰበብ ሁሉ ማስቀመጫ ያደርጉታል። ሁለተኛ፣ ሠፋሪዋ በተበተነ ቁጥር ብቻዋን ቀረች። በገዛ ቋንቋዋ የምታለቅስበት፣ የሞተባትን ልጅ ስም ጠርታ የምታወራላት ሰው በአካባቢዋ የላትም። መቀላቀል ማለት ይህን ማጣት ሊሆን አይገባም ነበር።

የካቲት 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ የጋራ እርሻዎቹ ወዲያው ፈረሱ፤ ከነጥቡ ጋር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ እጅግ ብዙ ሠፋሪ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ መጣበት ተመለሰ። የቀረም አለ፤ ልጅ የዳረ፣ አበልጅ ያበጀ፣ የቀበረው ያለው። በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞችም ኑሮ የጀመረ አለ።

ቋንቋ ብቻ ነው ችግሩ የምትል እህት ካለች በ1996 ዓ.ም. የተጀመረውን የጨዋቃን ሠፈራ ትመልከት። ከሐረርጌ ወደ ኢሉባቦር የተወሰዱት ሰዎች ኦሮሞዎች ናቸው፤ የተቀበላቸውም ኦሮሞ ነው። ሆኖም የአነጋገሩ ዘዬ፣ የእርሻው ዘዴ፣ የአየሩ እርጥበትና ወባው ለሐረርጌው ሰው አዲስ ነበር። አንድ ቋንቋ ቢናገሩም አንዱ ነባር፣ አንዱ መጤ ነው፤ መሬትና ደን ሲነካ ቅሬታው እዚያም ተነሥቷል።

አሁን ወደ ቡድኖቻችን ልምጣ። ለብቻ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። ለብቻው የቆመ ቡድን መጀመሪያ ላይ ይመቻል፤ ነገር ግን ብድር ሲበላሽ ከጎኑ የሚቆም የለውም፤ ገበያውን፣ ደንበኛውን፣ የቀበሌውን ሰው የሚያውቁት ነባሮቹ ናቸው። በሌላ በኩል አንዲትን ሴት ብቻዋን ሃያ ነባር አባላት ባሉበት ቡድን መሰግሰግም ትክክል አይመስለኝም። ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ በአንድ ቡድን ቢያንስ ሁለት ሦስት አዲስ መጪዎች አብረው ይግቡ፤ ከመግባታቸው በፊት ቡድኑ ይጠየቅ፣ እምቢ ካለም ምክንያቱ ይሰማ እንጂ ትእዛዝ አይውረድበት፤ አዲስ የገባች ሴት ለመጀመሪያ ብድሯ ዋስ የምትሆናት ነባር አባል ራሷ ትምረጥ።

አንድ ተግባራዊ ጉዳይ ቀርቶኛል። የቁጠባ ደብተራችን በቁቤ ብቻ ነው የታተመው። ቁቤ ማንበብ የማትችል አባል ያስቀመጠችውን ብር፣ የተቀጣችውንና የቀረባትን ዕዳ በዓይኗ ማረጋገጥ አትችልም፤ ገንዘብ ያዧ የነገረቻትን ማመን ነው። ፊደል ብቻ የምታነብ ሴት ለራሷ ሒሳብ እንግዳ ሆነች ማለት ነው። በግራ ገጽ ቁቤ፣ በቀኝ ገጽ ፊደል ሆኖ፣ ቁጥሮቹ አንድ ቦታ እንዲያርፉ ናሙና አዘጋጅቻለሁ። ናሙናውን ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርባለሁ፤ ከዚያ በፊት ማየት የምትፈልግ አባል ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ታገኘኛለች።