ደም በሌለው ክንድ ላይ የደም ግፊት መለካት

ክሊኒክ ሄደን «ግፊትህ 140 በ90 ነው» ስንባል ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተቀብለን እንወጣለን። ጨው ይከለከለናል፤ መድኃኒት ይጀመርልናል። ተለኪዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ያ ቁጥር ሆስፒታል በመተኛትና ወደ ቤት በመመለስ መካከል ያለ ወሰን ነው። በማዳመጫ ሲለካ ግን ድምፁን የሰማው የአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ነው። ያ ጆሮ የት ተማረ? በምን ላይ ተለማመደ? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የደም ግፊትን መጀመሪያ የለካው ሐኪም ሳይሆን ቄስ ነበር። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ የታሰረች ባዝራ ደም ቧንቧ ውስጥ የናስ ቱቦ አስገብቶ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ቀጠለበት። ደሙ ወደ 2 ሜትር ተኩል ሽቅብ ወጣ። ግፊቱ ታወቀ፤ ባዝራዋ ግን አልተረፈችም። በዚህ መንገድ ሰው መለካት እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ሰውን ሳይወጉ መለካት የሚያስችለው የክንድ ማሰሪያ የመጣው በ1896 ነው። አዎ፣ የዓድዋ ዓመት! ጣልያን በተራሮቻችን ላይ ድል በሆነችበት በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ቱሪን ላይ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የሚባል ሐኪም የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ሜርኩሪና የቀለም ዕቃ አገጣጥሞ መሣሪያውን ይፋ አደረገ። ክንድ ይታሰራል፣ ይነፋል፣ የእጅ ትርታ ሲጠፋ ቁጥሩ ይነበባል። የሚያገኘው ላይኛውን ቁጥር ብቻ ነበር። ማሰሪያው ደግሞ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ግፊቱን ከእውነተኛው አስበልጦ ያሳይ ነበር። ይህችን የማሰሪያ ስፋት ጉዳይ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ታችኛውን ቁጥር የሰጠን ሩሲያዊው ቀዶ ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ ነው። በ1905 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ አንድ ገጽ እንኳን በማይሞላ ሪፖርት፣ ማሰሪያው ቀስ እያለ ሲተነፍስ ከታች በማዳመጫ ድም… ድም… የሚል ድምፅ እንደሚሰማ ተናገረ። ድምፁ ሲጀምር ላይኛው፣ ሲጠፋ ታችኛው። የታፈነው ደም ቧንቧ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማው ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ስሙን ይዟል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ተወለደ። ተማሪዋ ሰምታ «120 በ80» ስትል አስተማሪዋ ምን ማረጋገጫ አላት? እንደገና ብትለካ የታካሚው ግፊት በደቂቃ ውስጥ ይለዋወጣል። ሁለት ሰው አብሮ የሚሰማበት ባለ መንታ ማዳመጫ አለ፤ እሱም ቢሆን የሚያስታርቀው ሁለት ጆሮዎችን ነው እንጂ እውነቱን አይነግርም። ያልሰማ ተማሪ ደግሞ ምን ያደርጋል? ይገምታል። በየአገሩ የታካሚ ካርዶች ላይ በ0 የሚያልቁ ቁጥሮች ከሚገባው በላይ መብዛታቸው የታወቀ ነው። የሰው ግፊት በ0 ማለቅ ስለሚወድ አይደለም።

የማሠልጠኛ አሻንጉሊቶች ታሪክ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው በ1960 የወጣችውን የኖርዌዩን የአስሙን ሌርዳልን «አን» ነው። ሰውየው አሻንጉሊት ሠሪ ነበር። አን ግን የተሠራችው ለትንፋሽና ለደረት መጫን ነው፤ ግፊት አልነበራትም።

ግፊት ያለው አካል የመጣው በ1967 ካሊፎርኒያ ላይ ነው። የትምህርት ባለሙያው ስቲቨን አብራሃምሰንና የማደንዘዣ ሐኪሙ ጃድሰን ዴንሰን፣ ከሮኬት ሠሪው ኤሮጀት ኩባንያ መሐንዲሶች ጋር «ሲም ዋን»ን ሠሩ። በኮምፒውተር የሚመራ ነበር። ልቡ ይመታል፣ አንገቱ ላይ ትርታ ይዳሰሳል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ የደም ግፊት ይለካበታል፣ ለሚሰጠው መድኃኒትም ምላሽ ያሳያል። በ1969 ባወጡት ጥናት፣ በሱ የተለማመዱ የማደንዘዣ ሠልጣኞች ለብቃት የፈጀባቸው ጊዜ አጠረ። ታዲያ ምን ሆነ? አንድ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ዋጋው አይቀመስም ነበር፤ ያኔ ደግሞ ተማሪው በታካሚው ላይ መማሩ ለብዙ ሐኪሞች ችግር መስሎ አልታያቸውም። ለኔ የሚያሳዝነው ከዋጋው ይልቅ ይህ ሁለተኛው ነው።

በ1968 ደግሞ የማያሚው የልብ ሐኪም ማይክል ጎርደን «ሃርቪ»ን አቀረበ፤ የተሰየመው በመምህሩ ስም ነው። ይህኛው ቆየ፤ ተሻሽሎ ዛሬም ድረስ ያስተምራል። አስተማሪ የልቡን በሽታ ይመርጣል፣ የክንዱ ግፊትና የአንገቱ ትርታ ከበሽታው ጋር አብረው ይቀየራሉ።

አሁን በየማሠልጠኛው የሚገኘው ተራው የፕላስቲክ ክንድ እንዴት ይሠራል? ብዙዎች ውስጡ ደም የሚመስል ፈሳሽ እየተገፋ ይመስላቸዋል። በአብዛኞቹ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ክርን አካባቢ ከቆዳው ሥር ትንሽ ስፒከር ተቀብራለች። ማሰሪያው ውስጥ ያለው አየር በቱቦ ከመለኪያ ጋር ይገናኛል። አስተማሪዋ 150 በ95 ብላ ትሞላለች። ተማሪው ነፍቶ ሲያስተነፍስ፣ አየሩ 150 ሲደርስ ስፒከሯ ድም… ድም ማለት ትጀምራለች፤ 95 ላይ ጸጥ። እውነተኛው ግፊት ያለው ማሰሪያው ውስጥ ብቻ ነው፤ ክንዱ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው።

ይህ ከኮሮትኮፍ ወዲህ ያልነበረ ነገር ሰጠን፤ ትክክለኛው መልስ ከፈተናው በፊት ይታወቃል። ተማሪው 150ውን 130 ካለ ማምለጫ የለውም። አንዳንዱ ክንድ ድምፁን መሐል ላይ አጥፍቶ መልሶ ያመጣል። አንዳንድ የግፊት በሽተኛ ላይ በእውነት የሚያጋጥም ወጥመድ ነው፤ በትርታ ሳያረጋግጥ አሳንሶ የነፋ ሰው ላይኛውን ቁጥር ይስታል።

ግን የማሰሪያዋን ነገር ያዙልኝ ብዬ ነበር። በሰው ላይ ማሰሪያው ከጠበበ ቁጥሩ ይጨምራል። ክንዱ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጨምራል። ታካሚው እያወራ ከሆነም ይጨምራል። የፕላስቲኩ ክንድ ግን ይህን ሁሉ ይቅር ይላል! መሬት ላይ አስቀምጡት፣ 150 በ95 ነው። ጠረጴዛ ላይ አውጡት፣ 150 በ95 ነው። ጆሮን ያሠለጥናል፤ እጅንና ዓይንን ግን ያባልጋል።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑት ሰዎች 1.28 ቢሊዮኑ የደም ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ አያውቁትም። አብዛኞቹ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

እናቴን አንድ ክሊኒክ ይዣት የሄድኩ ቀን፣ ከደረጃ እንደወጣች፣ በሹራቧ ላይ፣ ስለ ልጆቿ እየተጠየቀች ለኳት። 160 በ100። ካርዱ ላይ ተጻፈ። አንዲት ሌላ ሲስተር ግን አይታ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ዐረፍ ይበሉ» አለቻት። ሹራቧን አስወልቃ፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ፣ አምስት ደቂቃ ዝም አስብላ ለካቻት። 138 በ84። ሲስተሯ ምንም ሳትናገር የመጀመሪያውን ሰርዛ አዲሱን ጻፈች።