ጉለሌ ፓስተር፦ ከቫይረሱ ጋር የሚደረግ ሩጫ

ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ሰፈሩን ነው። ስሙ ግን የመጣው ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ የዛሬው ወራሹ ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። እዚያ ለአስርት ዓመታት ከተመረቱት ክትባቶች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው።

ቆይ ግን፣ ክትባት የሚሰጠው ሰው ሳይታመም አይደል? ውሻ ከነከሰ በኋላ ምን ይሠራል?

ምስጢሩ ያለው ቫይረሱ ቀርፋፋ በመሆኑ ነው። ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል አንጎል እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ስለሚጓዝ ሰውነታችን ቶሎ አያየውም። ክትባቱ የሞተውን ቫይረስ ለነጭ የደም ሴሎች «ጠላታችሁ ይሄ ነው» ብሎ ያሳያቸዋል። እነሱም በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ቫይረሱን የሚይዙ አንቲቦዲዎችን በብዛት ያመርታሉ። እንግዲህ ሩጫ ነው፤ ቫይረሱ ከቀደመና ምልክቱ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

ፓስተር ይህን ሩጫ በሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ነበር። የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ከታመመች ጥንቸል አከርካሪ በተዘጋጀና በደረቀ ክትባት ከተበው፤ ልጁም ተረፈ።

በኋላ ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፌርሚ ቫይረሱን ፌኖል በተባለ ኬሚካል የማዳከም ዘዴ አመጣ። የኢትዮጵያው ክትባትም በዚሁ ዘዴ፣ በበግ አንጎል ነበር የሚዘጋጀው። የተነከሰ ሰው በተከታታይ 14 ቀን ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ርካሽ ነበር፣ አገር ውስጥም ይሠራ ነበር፤ የብዙ ሰው ሕይወትም አትርፏል።

ጣጣው ግን እዚያው በግ አንጎል ውስጥ ነበር። የነርቭን ሽፋን የሚሠራው ነገር አብሮ ስለሚወጋ፣ አልፎ አልፎ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ነርቭ ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ይህን ዓይነት ክትባት እንዲተዉ የሚመክረው ለዚህ ነው። ዘመናዊው ክትባት በሴል ላይ የሚያድግ ስለሆነ የአንጎል ቅንጣት የለበትም፤ መርፌውም ጥቂት ነው።

የሩጫው ሕግ ግን አልተለወጠም። ውሻ ከነከሳችሁ «ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ አትለፉት። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሰውነታችሁ መዋጋቱን ያውቅበታል፤ የሚያስፈልገው ክትባትና ጊዜ ነው።