የፈረስ ክብርና የዶሮ አበሳ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬን ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይርቅ የአገው ምድርን ይረግጣል። በመጀመሪያ ቲሊሊን፥ ቀጥሎ የአዊ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ የሆነችውን እንጅባራን፥ ከዚያም ዳንግላን እያገኘ ያልፋል። ይህ አገር በደጋነቱ፥ በዝናሙ ብዛትና በቀርከሃው የታወቀ ነው፤ ይልቁንም ስሙ በሩቅ የተሰማው በፈረሰኞቹ ነው።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። አባላቱ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ተሰብስበው፥ ፈረሶቻቸውን በልዩ ልዩ ጌጥ አሸብርቀው፥ በጉግሥና በግልቢያ በዓላቸውን ያከብራሉ። የበዓሉም ምክንያት በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ፥ ኋላም በፋሺስት ወረራ ዘመን ፈረሶች ለአገር ነፃነት የዋሉትን ውለታ ማስታወስ ነው። እንግዲህ ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። አንድ ሕዝብ፥ አፍ አውጥቶ «ውለታዬን መልሱልኝ» ለማለት ለማይችል እንስሳ ባለዕዳ መሆኑን አምኖ፥ ዕዳውን የሚከፍልበት ማኅበር አቁሟል ማለት ነው። ይህ ታላቅ ሐሳብ ነው።

ነገር ግን በዚሁ አገርና በዚሁ ጎዳና፥ የገበያ ቀን በደረሰ ጊዜ ሌላ ነገር ይታያል። ዶሮዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ እግራቸው ተጠፍሮ፥ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፥ በእጅ ወይም በዘንግ ተንጠልጥለው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ከገበያም ከደረሱ በኋላ እንደ ታሰሩ በፀሐይ ላይ ይጣላሉ። በዓል ሲቃረብ ደግሞ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭነው፥ ነፋስና ትቢያ እየመታቸው ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛሉ። ይህ የአዊ ሕዝብ ብቻ ልማድ አይደለም፤ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ የሚታይ ነው። ስለ አዊ የምናነሣው፥ ለፈረስ ያን ያህል ክብር የሰጠ ሕዝብ የሚኖርበት ምድር ስለሆነ፥ ልዩነቱ በዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ዶሮ ለእኛ ማን ናት? ባዕድ ናትን? ታሪክ የሚነግረን ሌላ ነው። ዶሮ በመጀመሪያ ከዱር የተለመደችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን፥ ከዚያ በየብስና በባሕር ንግድ ወደ ምዕራብ ተሰራጨች። በትግራይ ምሥራቃዊ ክፍል መዝበር በተባለ ጥንታዊ ሥፍራ በተደረገ ቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ሲመረመር፥ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 8ኛውና 7ኛው መቶ ዓመት የሚደርስ መሆኑ ታውቋል። ይህን ጥናት ኢትዮጵያዊቷ የአርኬዎሎጂ ሊቅ ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 አሳትመውታል። ስለዚህ ዶሮ ከአክሱም መንግሥት መነሣት አስቀድሞ በቤታችን ነበረች ማለት ነው።

በእነዚያ ረጅም ዘመናት ሁሉ ለባላገሩ የሌሊት ሰዓቱ አውራ ዶሮ ነበር። መንገደኛው «ዶሮ ሲጮኽ ተነሣሁ» ይላል፤ ካህኑ ለማሕሌት፥ ገበሬውም ለእርሻ በዚሁ ድምፅ ነቅቷል። ሴቲቱ ዶሮ ደግሞ ጭራ እየበላች፥ 21 ቀን ታቅፋ እየፈለፈለች፥ ጫጩቶቿን ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ እየጠበቀች፥ ለባላገሯ እመቤት የእጅ ገንዘብ ሆና ኖራለች። በሬውና እህሉ የአባወራው ሲባሉ፥ የእንቁላልና የቄብ ዶሮ ዋጋ ግን በአብዛኛው በእመቤቲቱ እጅ ስለሚገባ፥ ጨውና በርበሬ፥ የልጅ ደብተርና እርሳስ የተገዛው በእርሱ ነው። ከእኛም ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል የፊደል ገበታው በእንቁላል ዋጋ የተገዛለት ጥቂት አይደለም።

ይሁን እንጂ ዶሮ የሊቃውንትን ዓይን እንኳ የሳበችው ዘግይታ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የአእዋፍ ነገር የሚያጠና ሰው ስለ ነበረ፥ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የዱር አዕዋፍ በሊቃውንት መጽሔት ተዘርዝረው ወጥተዋል። የዚያች አገር ዶሮ ግን ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረባት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዶክተር ታደለ ደሴ በበርሊን ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የአገራችንን ዶሮዎች በየአካባቢያቸው ለይተው ሲመረምሩ፥ ከሆሮ፥ ከጨፌ፥ ከጃርሶና ከቴፒ ዶሮዎች ጋር የቲሊሊን ዶሮ አስገቡ። እነሆ፥ በአዊ ምድር ያለች አንዲት ከተማ ስሟን ለዶሮ ሰጥታ በሳይንስ መዝገብ ተጻፈች። ነገር ግን ስለ ፈረሱ እንጂ ስለዚህ የሚያወሳ መንገደኛ ብዙ አይገኝም።

ታላቁን እንስሳ አስቀድሞ ታናሹን ወደ ኋላ መተው የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1822 የወጣው የመጀመሪያው ሕግ ከጭካኔ የጠበቀው ፈረስን፥ በቅሎን፥ አህያን፥ በሬን፥ ላምንና በግን ሲሆን፥ ዶሮ ከዚያ ውስጥ አልነበረችም። አውራ ዶሮዎችን ማዋጋት የተከለከለው ከ13 ዓመት በኋላ በ1835 ነው። ከዚያም ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ፋብሪካ በበዛበት ዘመን ዶሮዎች ክንፋቸውን ለመዘርጋት በማያስችል የሽቦ ሣጥን ተደርድረው እንቁላል የሚጥሉ መኪናዎች ሆኑ። በ1964 ሩት ሐሪሰን የተባለች ሴት ይህን የሚገልጽ መጽሐፍ ብታወጣ ሕዝቡ ስለ ታወከ፥ መንግሥቱ በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1965 ባቀረበው ሪፖርት፥ አንድ እንስሳ ቢያንስ ለመቆም፥ ለመተኛት፥ ለመዞር፥ ገላውን ለማጽዳትና አካሉን ለመዘርጋት ነፃነት ሊኖረው እንደሚገባ አስረዳ። ስዊስ ከ1992 ጀምሮ ያንን የሽቦ ሣጥን ከአገሯ አስወገደች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 1 ቀን 2012 ጀምሮ ከለከለው። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እንግዲህ ከፈረሱ ሕግ እስከ ዶሮዋ ሕግ ድረስ ወደ 190 ዓመት ያህል ወስዷል። እኛ ይህን ያህል መዘግየት የሚያስፈልገን አይመስልም።

በአገራችንም የዶሮ ርባታ መልኩን እየለወጠ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ከውጭ አገር የመጡ ዘሮች መሞከር ከጀመሩ ወዲህ፥ በተለይ በቢሾፍቱ ዙሪያ ታላላቅ የዶሮ እርሻዎች ተቋቁመዋል። ቢሆንም በኢትዮጵያ ካሉት ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች አብዛኞቹ ዛሬም በገበሬው ደጅ የሚጭሩት የአገር ዶሮዎች ናቸው። ስለዚህ የእኛ ዶሮ መከራ ከሁሉ ይልቅ የሚጸናው በእርባታው ስፍራ ሳይሆን ከደጅ ወጥታ ወደ ገበያ በምትሄድበት መንገድ ነው።

አንዳንድ ሰው «ዶሮ ተዘቅዝቃ ብትያዝ ጸጥ ትላለች፤ ስለዚህ አልተጎዳችም» ይላል። ጸጥታዋ ግን ከፍርሃትና ከድካም የተነሣ እንጂ የምቾት ምልክት አይደለም። በሰው ደረትና ሆድ መካከል ሁለቱን የሚለይ ጡንቻ አለ፤ ዶሮ ግን ይህ የላትም። ስለዚህ በተዘቀዘቀች ጊዜ ሆድ ዕቃዋ ሁሉ ወርዶ ሳንባዋንና የአየር ከረጢቶቿን ይጫናል፤ መተንፈስም ይከብዳታል። ክብደቷ በሙሉ በታሰረው እግሯ ላይ ስለሚውል መገጣጠሚያዋ ይወልቃል፥ አጥንቷም ይሰበራል። ዶሮ ላብ ስለማታወጣ፥ በፀሐይ ላይ ስትጣል ያላት መድኃኒት አፏን ከፍታ ማለክለክ ብቻ ነው፤ ውኃ ካላገኘች ደግሞ ይህም አያድናትም።

ሌላው ደግሞ «ለነገው መታረዷ ለማይቀር ፍጡር ይህን ያህል ማሰብ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። መልሱ በራሳችን ልማድ ውስጥ አለ። ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት የፈጣሪን ስም ይጠራል። ስሙን መጥራቱ ነፍስ የምትወሰደው በፈቃድ እንጂ በከንቱ አለመሆኑን ለማወቅ ነው። እንግዲህ በፈጣሪ ስም የምትታረደውን፥ ከዚያ በፊት ያለውን ቀን ሁሉ ያለ ምክንያት ማሠቃየት ከዚህ ልማድ ጋር እንዴት ይስማማል? መታረድና መሠቃየት አንድ ነገር አይደለም።

ደግሞም ጥፋቱን ሁሉ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ በምትመጣው ባላገር ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እርስዋ ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ምናልባትም ልጅ አዝላለች። ልማዱን ለመለወጥ ኃይል ያለው ገዢው ነው፤ ገዢውም በአብዛኛው የከተማው ደመወዝተኛ፥ ማለትም እኛው ነን። በእንቁጣጣሽ፥ በገና፥ ይልቁንም ከ55 ቀን ጾም በኋላ በሚመጣው ፋሲካ ገበያውን የምናሞቀው እኛ ነን። እግሯ ያበጠውን ወይም ክንፏ የተሰበረውን ትተን፥ በቅርጫት ተቀምጣ የመጣችውን ደህና ዋጋ ሰጥተን ብንገዛ፥ የሚቀጥለው ገበያ ቅርጫት ይዞ ይመጣል።

ቅርጫቱስ ከየት ይመጣል? በእንጅባራ ዙሪያ ቀርከሃ ሞልቷል፤ ከእርሱ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። አየር የሚያስገባ፥ ዶሮዋ ቆማ የምትጓዝበት ቀላል ሣጥን ከዚሁ ቀርከሃ ቢሠራ ለሠሪው እንጀራ፥ ለሻጩ ያልተጎዳ ዕቃ፥ ለዶሮዋም ዕረፍት ይሆናል። በገበያው ዳር ጥላና የውኃ ገበታ ማኖር ለማዘጋጃ ቤት ከባድ ወጪ አይደለም። በቤትም በኩል፥ በአንድ ሳምንት መንደርን ባዶ የሚያስቀረውን ፈንግል የሚከላከል ክትባት በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጃል፤ በዓይን ላይ የሚንጠባጠብ ስለሆነ መርፌ እንኳ አያሻም። በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ሆናችሁ ወደ ወረዳ የምትወርዱ ባለሥልጣኖችና ባለሙያዎች ይህንን ማስረዳት ከሥራችሁ አንዱ ክፍል ሊሆን ይችላል።

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይባላል። ቢላዋው የማይቀር ከሆነ፥ ስለቱ የተሳለ፥ እጁም የፈጠነ ይሁን፤ እስከዚያ ድረስ ግን ቆማ ትሂድ፥ ውኃ ትጠጣ፥ በጥላ ትረፍ። ለፈረስ ውለታ ማኅበር ያቆመ አገር ለዶሮ አንድ ቅርጫት አይነፍግም ብለን እናምናለን።