ከታቀፈች ዶሮ እስከ መፈልፈያ መሣሪያ

ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በሰፈሩ ግቢ ጥግ፣ በጭድ ላይ ዕንቁላል የታቀፈች የሐበሻ ዶሮ ግን በ21ኛው ቀን ጫጩቶቿን አስከትላ ትነሣለች። ከባሕር ማዶ ለሚመጣ መፈልፈያ መሣሪያ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት የሁለቱን ታሪክ መመልከት ያሻል።

ዶሮ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለችም። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ ሥፍራ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ዓመት ድረስ ባለው ዘመን የተገመተ ነው። በዚህ ረጅም ዘመን ሁሉ መፈልፈያዋ ራሷ ዶሮዋ ነበረች። ለመታቀፍ ስትቃረብ የደረቷ ላባ ይረግፋል፤ የገላዋ ሙቀት ያለ መጋረጃ ለዕንቁላሉ ይደርሳል። በቀን ውስጥ ደጋግማ ዕንቁላሉን በመንቁሯ ታገላብጣለች፤ ለምግብ ለአፍታ ስትነሣም ጎጆው ንጹሕ አየር ያገኛል። ሥራው የተሟላ ቢሆንም ዋጋ አለው፤ ዶሮዋ ታቅፋ ጫጩት እስክታሳድግ ድረስ ለሳምንታት ዕንቁላል አትጥልም።

ይህን ችግር አስቀድመው የፈቱት ግብፃውያን ናቸው። በጭቃ ጡብ በተሠሩ ምድጃዎች ኩበትና ጭድ እያነደዱ በሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል ያስፈለፍሉ ነበር። ቴርሞሜትር ስላልነበራቸው ባለሙያዎቹ ዕንቁላሉን በዐይናቸው ቆብ ላይ እያስጠጉ ሙቀቱን ይለኩ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሙር እ.ኤ.አ. በ1749 ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳተመ። በኋላም ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ የአየር ማራገቢያና ኤሌክትሪክ ተጨምረው የዛሬው መሣሪያ ተገኘ።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች እንደ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉትን የውጭ ዝርያዎች አስገቡ። ሌግሆርን ብዙ ዕንቁላል እንድትጥል ተመርጣ የተራባች በመሆኗ የመታቀፍ ጠባይዋ እጅግ ተዳክሟል። እርሷን ያገኘ ቤተሰብ ዕንቁላል ቢተርፈውም ጫጩት አያገኝም። ቀድሞ መንጋውን በራሱ ያድስ የነበረው ባለ ግቢ በዚህ ምክንያት የመፈልፈያ ጣቢያ ጥገኛ ሆነ፤ ጣቢያውም የኤሌክትሪክ ጥገኛ ነው።

መሐንዲስ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። የአየር ግፊት ሲቀንስ እርጥበት በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ፈጥኖ ይወጣል፤ ወደ ውስጥ ለሚያድገው ጽንስ የሚደርሰው ኦክሲጅንም ያንሳል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ የእርጥበትና የአየር ማዘዋወሪያ መመሪያ እንዳለ ሊሠራበት አይችልም። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ሚዛን ይበቃል። ዕንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ሊቀንስ ይገባዋል፤ ከዚህ ካለፈ እርጥበት ይጨመራል፣ ካነሰ ይቀነሳል። መብራት ሲጠፋ ሙቀቱን የሚያቆይ ግድግዳና መጠባበቂያ ኃይልም ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ መግባት አለበት።

ዶሮዋ ሙቀቷን ከራሷ ታመነጫለች፤ የዕንቁላሏም ዘር ከዚሁ ስስ አየር ጋር ትውልድ በትውልድ ኖሯል። ለኮልፌ የሚሠራ መሣሪያ የመጀመሪያ ትምህርቱን መቅሰም ያለበት በጭዱ ላይ ከተቀመጠችው ከእርሷ ነው።