የአምደወርቅ ተማሪዎች ወደ ሸንጎ ቢጓዙ



በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በደሃና ወረዳ፣ አምደወርቅ በምትባለው ከተማ የሚያስተምር አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ሕዝብ ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚያስተዳድር በዐይናችሁ እንድታዩ ልውሰዳችሁ» ቢላቸው፣ ወዴት ይወስዳቸው ይኾን? ብዙዎቻችን ሳናመነታ «ወደ አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ፣ ሰዓት ካለው ግንብ ወደ ምክር ቤቱ ነዋ!» እንላለን። እኔ ግን በዛሬው ንግግሬ፣ መምህሩ መኪና ከመፈለጉ በፊት ልጆቹን በእግራቸው ጥቂት እንዲያስኬዳቸው ልለምነው አስቤአለሁ። የአገራችን የምክር ቤት ታሪክ ከአራት ኪሎ ብቻ ተነሥቶ ቢተረክ የሚጎድለው ነገር አለና።

የጉዞው መጀመሪያ በመንደር ዳር የቆመ አንድ ትልቅ ዛፍ ይኹን። በሰሜኑ የርስት አገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚሰሙት፣ ከሳሽና ተከሳሽም «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚሟገቱት እንዲህ ባለው ጥላ ሥር ነበር። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ አላፊውን መንገደኛ «በንጉሥ አምላክ» ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ እርሱም ጉዳይ አለብኝ ብሎ ጥሎአቸው ሊሄድ አይገባውም ነበር። ጭቃ ሹምነትንም በብዙ ስፍራ ባለርስቶች በየተራ ይይዙት ነበር።

በአገር ውስጥ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ የተሰወረ እንደ ኾነ ደግሞ አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ይጠራል። የአካባቢው ሰው ኹሉ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛውን የሚያውቅ ሰው በጉባኤ ፊት ስሙን ለመጥራት ቢፈራ፣ ወፍ ነገረችኝ በሚል ልማድ ምስጢሩን ለተመረጡት ሽማግሌዎች ያደርሳል። ዛሬ መራጩ ብቻውን ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ በወረቀቱ ላይ ምልክት የሚያደርግበትን ምክንያት ለዐሥር ዓመት ልጅ ለማስረዳት ከዚህች ወፍ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ነገር ግን አፈርሳታውን ከመጠን በላይ እንዳላሞግሰው እጠነቀቃለሁ። ንጹሑ ሰው ከእርሻው ተለይቶ በከንቱ ይውል ነበር፤ በቂም የተጠቆመም አይጠፋም። ጉባኤውም የወንዶች ጉባኤ ነበር። መምህሩ ይህንን ከሴቶች ልጆች ባይሸሽግ መልካም ነው።

ከዛፉ ቀጥሎ ሰቆጣ ይመጣል። የዋግ ገዥ ዋግሹም ሲባል፣ የዘሩን ሐረግ ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥር ነበር። ከዚህ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ በ1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባሉት፣ ድል ኾነዋል። እንግዲህ ልጆቹ ሁለቱን ነገር አስተያይተው ይመልከቱ፦ ገበሬው በዛፉ ሥር ሽማግሌውን ራሱ ይመርጣል፤ ገዥውን ግን ሲወለድ ተሾሞ ያገኘዋል። ከመንደር በላይ ላለው ሥልጣን ሐሳቡን የሚጠይቀው አልነበረም።

አሁን መኪናው ይምጣና አራት ኪሎ እንድረስ።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ያረቀቁት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲኾኑ፣ ምሳሌ የተደረገውም በ1889 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ከ55ቱ አንቀጾች መካከል መምህሩ ልጆቹን ሊያስቆምበት የሚገባው አንድ አለ። በዚህ አንቀጽ መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ለጊዜው በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጣሉ። አገሩ በሙሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ተደርጎ በመዝገብ የተጻፈው በዚህች ዐረፍተ ነገር ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ አድማጮቼ «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል በመዝገብ ቤት ውስጥ ምን ያህል ዕድሜ እንዳላት ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በዚህ ጉዳይ እስከ 1950 ዓ.ም. ቆየች፤ ከመካከሉ አምስቱን ዓመት ጠላት አገሩን ይዞት እንደ ነበረ አልዘነጋሁም። አንቀጹን ለጻፉት ሰዎች ፍርድ ልስጥ ብል፣ መኳንንቱን ሳያስቆጡ በሩን በጥቂቱ ለመክፈት የተገደዱ ይመስለኛል። ነገር ግን ከልጆቹ አንዱ እጁን አውጥቶ «የኔታ፣ ሕዝቡ መቻሉን የሚፈትነው ማን ነበር?» ቢል፣ መልሱ በ55ቱ አንቀጾች ውስጥ አይገኝም። በዛፉ ሥር ሲመርጥና ሲሟገት የኖረው ገበሬ ፈተናውን ከየት እንደሚቀመጥ እንኳ የነገረው አልነበረም።

በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት፣ በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ባለ 131 አንቀጽ ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ እንዲመርጥ ፈቀደ። አገሩ ወደ 200,000 ያህል ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ተደነገገ። ለመመረጥ ግን 25 ዓመት መሙላት ብቻ ሳይኾን በክልሉ ሀብት ማፍራትም ያስፈልግ ነበር። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ 210 እንደራሴዎች ሲመረጡ፣ ከነዚህ አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ፤ በምክር ቤቱም የመጀመሪያዋ ሴት ኾኑ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎችን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እንደራሴው ስለ መንገድና ስለ ግብር ይናገር እንጂ ሚኒስትሩን ከወንበሩ ሊያነሣው አይችልም ነበር።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በ1965 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ በዘውዱ ዘመን የመጨረሻው ምርጫ ሲካሄድ፣ ዋግ አንዱ አውራጃው በኾነበት በወሎ ጠቅላይ ግዛት ረሃብ ሰው ይፈጅ ነበር። በአንድ ወገን የድምፅ መስጫ ሣጥን፣ በሌላው ወገን በመንገድ ዳር የወደቀ ሬሳ! ወሬው ለዓለም በሰፊው የተሰማው ግን በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን በታየ ፊልም ነው። ወሎን የሚወክሉ እንደራሴዎች በአራት ኪሎ ወንበር ነበራቸው፤ ረሃቡን መንግሥት እንዲመልስለት የሚያስገድዱበት ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። ምክር ቤቱ በደርግ ዐዋጅ የተዘጋው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጆቹ በከፊል ከወላጆቻቸው ሰምተውታል። በ1979 ዓ.ም. የተመረጠው 835 አባሎች ያሉት ጉባኤ «ብሔራዊ ሸንጎ» ተባለ። የዛፉ ሥር ቃል ወደ አዲስ አበባ ወጣ ማለት ነው፤ ኾኖም ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው እንዲመርጥ ደነገገ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 የምርጫ ክልሎች ተለዩ። በፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል እንዲኖረው ስለ ተወሰነ፣ ኽምጣና ተናጋሪው የዋግ ሕዝብ በስሙ የሚጠራ ወንበር አገኘ፤ በሰቆጣም የብሔረሰቡ ምክር ቤት ተቋቋመ። ወንበር መኖሩና በወንበሩ ላይ የሚነገረው መሰማቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ኾኑ ግን ከ1965 ዓ.ም. ታሪክ ልጆቹ ተምረዋል።

መኪናው በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ ዋግ ሲመለስ ሕፃናቱ ይተኛሉ፤ መምህሩ ግን ነቅቶ አንድ ነገር ቢያስብ እወድዳለሁ። በየዓመቱ የክፍል አለቃ የሚሾመው ማን ነበር? ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቁመቱ የረዘመውን ወይም ድምፁ የጐላውን ልጅ ነው። በማግስቱ ክፍል ሲገቡ ጥቁር ሰሌዳው ባዶ ይኹን። ወረቀቱ ተጣጥፎ በመምህሩ ባርኔጣ ውስጥ ይሰብሰብ። ቈጠራውንም ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው፣ ገና አንድ ቀን እጇን አውጥታ የማታውቀው ልጅ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጀምር።