ሳፋሪ ራሊ፦ የኬንያ አቧራ የዓለም ሻምፒዮናን ፉክክር የሚፈትነው እንዴት ነው?

ከሞያሌ እና ከአጎራባቿ ኡራን ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ ሰው ማርሳቢትን እና ኢሲዮሎን አቋርጦ ይሄዳል። ይህ ጎዳና አስፋልት ከመልበሱ በፊት የነበረውን ፈተና የአካባቢው አሽከርካሪዎች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ጎማ የሚበሳ ድንጋይ፣ ዓይን የሚጋርድ አቧራ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ መኪና ውጦ የሚያስቀር ጭቃ።

ከዚያ በስተደቡብ በናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ፣ የዓለማችን ፈጣን አሽከርካሪዎች በየዓመቱ ከእነዚሁ ፈተናዎች ጋር ይታገላሉ። መድረኩ ሳፋሪ ራሊ ነው።

ሳፋሪ ራሊ እንዴት ተጀመረ?

ውድድሩ እአአ በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊትን ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ የተጀመረ ሲሆን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳን እና የያኔዋን ታንጋኒካ ያካልል ነበር። በ1973 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል ሆነ። በዚያው ዓመት ሼካር ሜህታ እና ስዊድናዊው ሃሪ ካልስትሮም እኩል በመጨረሳቸው አሸናፊው በመለያ ደንብ ተወስኖ ድሉ የሜህታ ሆነ። ሜህታ በድምሩ 5 ጊዜ በማሸነፍ ክብረ ወሰኑን ይዟል።

ከ2002 በኋላ ሳፋሪ ከሻምፒዮናው ወጣ። የተመለሰው ከ19 ዓመታት በኋላ በ2021 ነው።

ተፎካካሪዎቹ የሚገናኙት በሰዓት ነው

በራሊ ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን አይሮጡም። እያንዳንዱ መኪና ተራውን ጠብቆ ለብቻው ይነሳል፤ ረዳቱም አጠገቡ ተቀምጦ የመንገዱን ጠባይ ያነብለታል። የሚያሸንፈው የሁሉም ክፍሎች ድምር ሰዓቱ ዝቅተኛ የሆነው ነው።

የአነሳስ ቅደም ተከተሉ ራሱ የፉክክሩ አካል ነው። አርብ ዕለት ቀድሞ የሚነሳው የሻምፒዮናው መሪ ነው። መንገዱ ደረቅ ከሆነ መሪው ልቅ ጠጠሩን እየጠረገ ከኋላው ለሚመጡት ተቀናቃኞቹ መንገድ ያጸዳል። በነጥብ መምራት በዚህ መልኩ ዋጋ ያስከፍላል።

የኦዢዬ እና የኤቫንስ ፍልሚያ

በ2021ዱ ውድድር ቤልጂየማዊው ቲዬሪ ኑቪል እስከ መጨረሻው ቀን ሲመራ ቆይቶ በመኪናው ብልሽት ወጣ። ድሉ ለፈረንሳያዊው ሴባስቲያን ኦዢዬ ሆነ። የቡድን ጓደኛው እና የዋንጫ ተቀናቃኙ ዌልሳዊው ኤልፊን ኤቫንስ ግን ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ብዙ ነጥብ አጣ። በዓመቱ መጨረሻም ኦዢዬ ሻምፒዮን፣ ኤቫንስ ሁለተኛ ሆኑ።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. (እአአ 2025) ኤቫንስ ወደ ኬንያ የመጣው ሻምፒዮናውን እየመራ ነበር። መንገድ የመክፈቱ ሸክም ቢወድቅበትም ኢስቶኒያዊውን ኦት ታናክን ከ1 ደቂቃ በላይ በልጦ ሳፋሪን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። የዓመቱን ውድድሮች በሙሉ የማያደርገው ኦዢዬ በኬንያ አልተሳተፈም።

በዚያ ዓመት አንድ አሽከርካሪ ከአንድ ውድድር ቢበዛ 35 ነጥብ ማግኘት ይችል ነበር፤ ለአሸናፊው 25፣ በእሑድ ክፍሎች በድምር ለሚቀድም 5፣ በመጨረሻው ልዩ ክፍል አንደኛ ለሚወጣ ሌላ 5። በዚህ ስሌት ከአንድ ውድድር መቅረት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ሆኖም ኦዢዬ በቀሪዎቹ ወራት ድል በድል ላይ ደራርቦ ልዩነቱን አጠበበ። ኅዳር ላይ ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ሲጠናቀቅ ኦዢዬ ኤቫንስን በ4 ነጥብ ብቻ በልጦ 9ኛ ዋንጫውን አነሳ፤ የአገሩን ልጅ የሴባስቲያን ሎብን ክብረ ወሰንም ተጋራ። ኤቫንስ ለ5ኛ ጊዜ ሁለተኛ ሆነ።

ሳፋሪ ለምን ይለያል?

እንደ ኬዶንግ ባሉ ክፍሎች ያለው ዱቄት መሰል አፈር ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ይሸፍናል። ስለዚህ መኪኖቹ ሞተሩ ውኃ እና አቧራ እንዳይስብ አየር የሚያስገባ ቱቦ ከፍ ተደርጎ ይገጠምላቸዋል። እዚህ ፍጥነት ብቻውን አያሸንፍም፤ የት ቀስ ማለት እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከ2021 እስከ 2025 የተካሄዱትን አምስቱንም ውድድሮች ያሸነፉት የቶዮታ አሽከርካሪዎች ናቸው። ሻምፒዮናው በ4 ነጥብ በሚወሰንበት ዘመን ደግሞ፣ በናይቫሻ አቧራ ሥር የተደበቀ አንድ ድንጋይ የዓመት ልፋትን ሊያስቀር ይችላል።